ከባዱ ጥይት ከፍ ይላል

ጥቅምት 9

ውድ እህቴ፣

እንደምን ሰንብተሽልኛል? እኛ ደህና ነን። እማዬ ደህና ናት፤ የኔም ጉልበት ዝናብ በመጣ ቁጥር ከሬዲዮው ቀድሞ መናገሩን አልተወም። ደብዳቤሽ ከደረሰኝ ሦስት ሳምንት ሊሞላው ነው። ሦስት ጊዜ ጀምሬ ሦስት ጊዜ ቀደድኩት። አራተኛው ይኸው ነው፤ ወረቀትም እያለቀብኝ ስለሆነ እንደምንም እጨርሰዋለሁ።

መጀመሪያ ስለ እማዬ ልመልስልሽ። አልነገርኳትም። ከሥራ መታገድሽን ከጎረቤት ከምትሰማው ብዬ፣ እግሯ ወለም ብሏት እረፍት ላይ ናት አልኳት። አሁን ጧት ማታ የምትጸልየው ለእግርሽ ነው። ትናንትማ «ይሄን ላክላት» ብላ የቅባት ብልቃጥ ይዛ መጣች። አብሬ ልኬልሻለሁ። በስልክ ካገኘችሽ ግራ እግርሽ መሆኑን እንዳትረሺ፤ ቀኙ ነው ብለሽ ጉድ እንዳታፈዪብኝ።

ሁለተኛው ጥያቄሽ። «ሽጉጤን ስትሠራት ምን አገኘህባት?» ብለሻል። ሐምሌ ላይ «ልምምድ ላይ ዝቅ እያለች ትመታለች፣ ሰው ሳቀብኝ» ብለሽ ላክሻት፤ አየኋት፤ አስተካከልኳት፤ ካርዷ ላይ ፈርሜ መለስኩልሽ። ሌላ ምንም የለባትም። ሠላሳ አንድ ዓመት የዚህን የጥበቃ ድርጅት መሣሪያ ስጠግን ኖሬያለሁ። በኔ ጠረጴዛ ላይ ያላለፈ ሽጉጥ የለም። የለባትም ካልኩ የለባትም።

የሰው እጅ ይሳሳታል፣ እህቴ። ያንቺ እጅ ብቻ አይደለም። ሌባው ላይ አንዴ ተኮስሽ፤ የሽማግሌውን በረኛ ነፍስ አዳንሽ። የቀረውን ፈጣሪ ያውቃል። መርማሪ ኮሚቴው ሲጠራሽ የሆነውን ብቻ ተናገሪ፤ ነገር አታብዢ፤ ሰበብም አትፈልጊ።

የመታሽው ሰውዬስ እንዴት ሆነ? ይህን ሳትጽፊልኝ እንዳትቀሪ።

ወንድምሽ


ጥቅምት 23

ወንድም ጋሼ፣

ሰላምታዬ ይድረስህ። እማዬን ሳምልኝ፤ እግሬ እየተሻለው ነው በላት። ብልቃጡ ደርሶኛል። ደህናውን ግራ እግሬን ተቀምጬ ቀባሁት። ቢያንስ መቀባቴ እውነት ይሁን ብዬ ነው።

ሰውየው አልሞተም። እንደጻፍኩልህ የመታሁት ዳሌውን ነው፤ አጥንቱ ተፈረካክሶ በብረት አሰሩት። ይቆም ይሆናል፣ እንደ ድሮው ግን አይሄድም ብለዋል ሐኪሞቹ። እዚሁ የምጠብቀው ክር ፋብሪካ የኤሌክትሪክ ሠራተኛ የነበረ ሰው ነው፤ ባለፈው ዓመት ሠራተኛ ሲቀንሱ የቀነሱት። የዚያን እሑድ የመዳብ ሽቦ ሊቆርጥ የገባባትን መጋዘን መብራት የዘረጋው እሱ ራሱ ነው። ብዙ ቀን በር ላይ ስፈትሸው «እጅሽ ሳይቀዘቅዝ ፈትሺኝ» እያለ ይቀልድብኝ ነበር። አንድም ቀን አልሳቅኩለትም። አሁን ይህ ትዝ እያለኝ እቸገራለሁ።

ስለ ኮሚቴው ልንገርህ፤ አራት ሰዎች ናቸው። ቦታውን በእርምጃ ለኩት፤ ሠላሳ አምስት ሆነ። «የያዘውን ብረት በበረኛው ላይ አንስቶ ነበር?» አሉኝ። አዎ። «ቁም ብለሽ ጮኸሻል?» ሁለቴ። «የት አለምሽ?» የታፋውን መሀል። «የመታሽው ግን ዳሌውን ነው፤ አንድ ስንዝር ከፍ ብሎ።» ከአራቱ ባለ መነጽሩ ወደ ጓደኞቹ ዞር ብሎ «ሴት ስትደነግጥ እግርን ከሆድ አትለይም» አለ፤ ሳቁ። እኔም አብሬ ፈገግ አልኩ። ከሁሉ ከሁሉ የሚያቃጥለኝ ያቺ ፈገግታዬ ናት።

አሁን ያሉኝ ይኸው ነው። «ደንግጬ ተኮስኩ» ብዬ ከፈረምኩ ከሥራ እሰናበታለሁ፣ ነገሩ እዚያው ያበቃል። «እግሩን ነው ያለምኩት» ብዬ ከጸናሁ ግን ውሸት ነው፣ ሆን ብለሽ ልትገድዪው ነበር ተብሎ ወረቀቱ ወደ ፍርድ ቤት ይሄዳል። እስከ ኅዳር መጨረሻ አስቢበት ብለውኛል።

ወንድም ጋሼ፣ እኔ አልደነገጥኩም ነበር። ይህን ላንተ ብቻ ነው የምለው። አንተ እንዳስተማርከኝ ትንፋሼን ግማሽ ለቅቄ ያዝኩት፤ ማነጣጠሪያዋን ታፋው ላይ አስቀመጥኩ፤ ቃታውን ሳልነጥቅ ሳብኩት። እጄ ንቅንቅ አላለም። ግን አንተ ሽጉጧ ምንም የለባትም ካልክ እጄ ነው ማለት ነው። ሳህን ሳጥብ ሁሉ እጄን እንደ ሌባ አየዋለሁ።

አንድ ነገር ልጠይቅህ፤ የሞኝ ጥያቄ ከሆነ ሳቅብኝ። ልምምድ ላይ የሚሰጡን ጥይትና ለሥራ የሚያስታጥቁን ጥይት አንድ ነው? የሥራው መዳፍ ላይ ሲያዝ ይከብድ ነበር። ይህ ለውጥ ያመጣል ወይ?

እህትህ


ኅዳር 8

ውድ እህቴ፣

ለጤናሽ እንደምን ነሽ? እማዬ እግርሽ በመሻሉ ደስ ብሏት ጎረቤቱን ሁሉ አስመርቃልሻለች። እኔ ደህና ነኝ። እህል አልወርድ ብሎኛል እንጂ ሌላ ሕመም የለኝም።

ጥያቄሽ የሞኝ ጥያቄ አይደለም። አንድ አይደሉም። የልምምዱ አረር ቀላል ነው፤ የሥራው ይከብዳል። ሰው ሁሉ የከበደ ነገር ዝቅ ብሎ የሚመታ ይመስለዋል። እንዳንቺዋ ባለች ሪቮልቨር ሽጉጥ ላይ በቅርብ ርቀት ነገሩ ተቃራኒ ነው። ቃታውን ስትስቢ ሽጉጧ እጅሽ ውስጥ ወደ ላይ መነሳት የምትጀምረው ጥይቱ ከወጣ በኋላ አይደለም፤ ገና በርሜሉ ውስጥ እየሄደ ሳለ ነው። ቀላሉ አረር ፈጣን ስለሆነ አፈሙዙ ብዙ ሳይነሳ ይወጣል። ከባዱ ቀስ ብሎ ይሄዳል፤ እሱ እስኪወጣ አፈሙዙ ቀና ብሏል። ስለዚህ በአንድ ማነጣጠሪያ ሁለቱን ብትተኩሺ ቀላሉ ዝቅ፣ ከባዱ ከፍ ይላል። ይህን ለስንት አዲስ ጠጋኝ እንዳስተማርኩ ቁጥሩን አላውቀውም።

ግን ልዩነቱ ይህን ያህል አይደለም። ሁለት ጣት ቢሆን ነው። ስንዝር አይሞላም።

ስለ ፊርማው፤ አትፈርሚ። ለምን ብለሽ አትጠይቂኝ። ቆዪ ብቻ። ነገር ሲቆይ መልኩን ይለውጣል። ባለ መነጽሩ በተናገረው አንቺ አትፈሪ፤ ማፈር ያለበት ሌላ ነው።

ደብዳቤዬ አጠረብሽ ይሆናል፤ ይቅርታ አድርጊልኝ። ጠረጴዛዬ ላይ ሥራ ተከምሯል።

ወንድምሽ


ኅዳር 28

ወንድም ጋሼ፣

ፈርሜያለሁ። ቆዪ ብለኸኝ ነበር፤ ምን እንደምጠብቅ ግን አልነገርከኝም። ሁለት ጣት ከሆነ የቀረው የኔ ነው ብዬ ሄድኩ።

አትቆጣኝ። ወረቀቱን ያመጣችልኝ ጸሐፊ ሴት ነበረች፤ እስክሪብቶውን ስታቀብለኝ ፊቴን አላየችም። «በድንጋጤ ራሴን መቆጣጠር አቅቶኝ» ይላል። አንብቤ ፈረምኩ። ልብሱንና ቀበቶውን አስረክቤ በኋላ በር ወጣሁ። የፊቱን በር የሚጠብቁት ጓደኞቼ ስለሆኑ ነው። ያ ያዳንኩት ሽማግሌ በረኛ ተከትሎኝ መጥቶ «ልጄ፣ እኔ መስክሬያለሁ፣ አልሰሙኝም» አለኝ። ምን ብሎ እንደመሰከረ እንኳ ሳልጠይቀው መንገድ ተሻገርኩ። እግዚአብሔር ይስጥልኝ ማለት እንዴት ያቅታል? አቃተኝ።

አሁን ሆስፒታሉ ልብስ ማጠቢያ ክፍል ገብቻለሁ። ሥራው ደህና ነው፤ እንፋሎቱ ብቻ ነው የሚያስቸግረው። ሰውየው እዚያው ሆስፒታል ሁለተኛ ፎቅ ተኝቷል። ሆን ብዬ አይደለም እዚያ የገባሁት፤ ወይም ሆን ብዬ ይሆናል፣ እንጃ። የሱን አንሶላ ጭምር ነው የማጥበው። አንድ ቀን ንጹሕ አንሶላ ይዤ ገባሁ። አወቀኝ። ይቅርታ ልለው አፌን ስከፍት ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ። አንሶላውን ወንበሩ ላይ አስቀምጬ ወጣሁ።

ከመፈረሜ በፊት በመጨረሻው ቀን ምን እንደጠየቁኝ ልንገርህ። ባለ መነጽሩ አይደለም፣ ሌላኛው፣ ዝምተኛው፣ «ምናልባት ሽጉጡ ላይ ስሕተት ይኖር ይሆን? ሐምሌ ላይ ተጠግኗል ይላል» አለ። እኔ ምን እንዳልኩ ታውቃለህ? «እሱን የጠገነው ወንድሜ ነው፤ ወንድሜ የነካው መሣሪያ አይስትም» አልኩ። ዝምተኛው ሰውዬ «እሺ» ብሎ ጻፈው። ስለኔ ያልተባለ ነገር ባይኖርም ያንተ ስም እዚያ ክፍል ውስጥ አልተነካም። ደስ እንዲልህ ነው የምነግርህ።

እማዬን ሳምልኝ።

እህትህ


ታኅሣሥ 9

እህቴ፣

ሰላምታ አልጽፍም። ሰላምታ የሚያስጽፍ ፊት የለኝም።

እጅሽ አልሳተም። እኔ ነኝ።

ሐምሌ ላይ ሽጉጥሽ በፎጣ ተጠቅልላ ስትደርሰኝ ጠረጴዛዬ ላይ አንድ ቆርቆሮ ሙሉ የልምምድ ጥይት ነበር። የሥራው ጥይት ያለው ግምጃ ቤት ነው፤ ቁልፌ የምንለው ኃላፊ ዘንድ። ቁልፌን ታውቂዋለሽ፣ ያ ቁልፉን እንደ ደወል እያንጫጨ የሚሄደው። ደንቡ ምን እንደሆነ ማንም አያስተምረኝም፤ ደንቡን የጻፍኩት እኔ ነኝ። መሣሪያ የሚፈተነው በሚታጠቀው ጥይት ነው። ስድስት ጥይት ፈርሞ ለማምጣት ደግሞ ኮሪደሩን ተሻግሮ አንድ በር ማንኳኳት ይበቃል። እኔና ቁልፌ ግን ከተነጋገርን ሁለት ዓመት ሆኖን ነበር። በምን? በወንበር። የኔን መደገፊያ ያለውን ወንበር ለእንግዳ ብሎ ወሰደና ሳይመልስ ቀረ፤ እኔም በሰው ፊት ሌባ አልኩት። ከዚያ ወዲያ እሱ በዚህ ሲመጣ እኔ በዚያ። ሃምሳ ዘጠኝ ዓመት የሞላኝ ሰው። እሱን ደጅ ከምጠና ብዬ የቆርቆሮውን ቀላል ጥይት አንስቼ ወደ ጓሮ ወጣሁ።

ስድስቱም ዝቅ ብለው አረፉ። እውነትሽን ነበር፣ ዝቅ ትላለች። እዚህ ላይ ቆም ማለት ነበረብኝ። ያቺ ሽጉጥ ከፋብሪካ ስትወጣ ለከባዱ ጥይት ተስተካክላ ነው የወጣችው። ቀላሉን ሲያጎርሷት ዝቅ ማለቷ ጤንነቷ ነበር እንጂ ሕመም አልነበረም። አዲስ የገባ ጠጋኝ እንዲህ ቢያመጣልኝ ጆሮውን ነበር የምቆነጥጠው። እኔ ግን ሞረዴን አነሳሁና የፊት ማነጣጠሪያዋን ቀነስኩት። እሱ ሲያጥር ዐይንሽ ያለመበት ቦታ ላይ ለማስቀመጥ አፈሙዙን ከፍ ታደርጊያለሽ፤ ጥይቱም ከፍ ይላል። እየሞረድኩ እየተኮስኩ፣ እየሞረድኩ እየተኮስኩ፣ ቀላሎቹን መሀል አስገባኋቸው። አፏጨሁም መሰለኝ። ጤነኛዋን ሽጉጥ አሳመምኳት።

ካርዷ ላይ «በሥራ ጥይት ተፈትኗል» የሚል መስመር አለ። «አዎ» ብዬ ጻፍኩ። በራሴ እጅ ጽሑፍ።

መቼ አወቅክ ትዪኛለሽ። የመጀመሪያው ደብዳቤሽ ላይ «ታፋውን አልሜ ዳሌውን መታሁት» የሚለው ጋ ስደርስ አወቅሁ። ያኔውኑ። የቀደድኳቸው ሦስት ደብዳቤዎች እውነቱን የጻፍኩባቸው ነበሩ። አራተኛው ላይ የለባትም አልኩሽ። ከዚያ አንቺው ራስሽ በገዛ አእምሮሽ ጥይቱ ጋ ስትደርሺ፣ ዐይኔን በጨው አጥቤ ትምህርት ሰጠሁሽና መጨረሻ ላይ ሁለት ጣት ነው ብዬ ዘጋሁብሽ። አይነጋ መስሏት እንደተባለው ነው። ያን «ሁለት ጣት» ስጽፍ እጄ ንቅንቅ አላለም።

ባለፈው ሳምንት ሽጉጧ ከነመዝገቧ ወደኛ ተመለሰች፤ ነገሩ ተዘግቷል ተብሎ። ደብዳቤሽ ደርሶኝ ነበር። «ወንድሜ የነካው መሣሪያ አይስትም።» ሥራ ቦታ ነው ያነበብኩት፤ ሽንት ቤት ገብቼ በሩን ዘጋሁ። ስወጣ ኮሪደሩን ተሻግሬ የቁልፌን በር አንኳኳሁ። ከሁለት ዓመት በኋላ የመጀመሪያ ቃሌ «ስድስት ከባድ ጥይት ስጠኝ» ነው። ለምን አለኝ። ነገርኩት፣ ሁሉንም። መዝገቡን ገልጦ አስፈረመኝ፤ ስድስቱን አንድ በአንድ ቆጥሮ መዳፌ ላይ አስቀመጠ። «ሐምሌ ላይ ብትጠይቀኝ እኮ እሰጥህ ነበር» አለኝ። ስድብ ቢሆን ይሻለኝ ነበር።

ሠላሳ አምስት እርምጃ ለካሁ። ስድስቱም አንድ ስንዝር ከፍ ብለው አረፉ። በመዳፌ ብሸፍናቸው ይሸፈናሉ፤ እንዲያ ተቀራርበው። አንቺ ያለምሽው ታፋውን ነበር።

ለኮሚቴው የሚሆን ወረቀት ጽፌ መሳቢያዬ ውስጥ አስቀምጫለሁ። ጡረታ ልወጣ ሰባት ወር ነው የቀረኝ፤ ይህን ካወጣሁ በጡረታ ሳይሆን በውርደት ነው የምወጣው። ለራሴ አይደለም፣ እማዬ ናት የምታሳዝነኝ። አስገባ ካልሽኝ ግን አስገባለሁ። ቃልሽን እጠብቃለሁ።

ወንድምሽ


ታኅሣሥ 16

ወንድሜ፣

«አስገባ ካልሽኝ አስገባለሁ» ብለሃል።

ስትሞርዳት ጠይቀኸኝ ነበር? «አዎ» ብለህ ስትፈርም ጠይቀኸኝ ነበር? አሁን ምን ተገኘና ነው የምትጠይቀኝ። አስገባ ብልህ እህቴ አዋረደችኝ ልትል፣ ተው ብልህ እህቴ ይቅር ብላኛለች ብለህ በሰላም ጡረታህን ልትወጣ። ሁለቱንም አታገኝም። እማዬንም አትጥራብኝ።

ሁለት ወር ሙሉ እጄን ስጠላ ኖሬያለሁ። ከእንግዲህ ሌላ ነገር አልልህም። የራስህን ነገር ራስህ ቻለው።

እህትህ


ጥር 14

እህቴ፣

ደብዳቤሽ በደረሰኝ ማግስት ወረቀቱን አስገባሁ። ልጽፍልሽ ግን እስኪያልቅ ጠበቅሁ፤ ገና ሳይሆን ሆነ ብዬ ደግሞ እንዳልዋሽሽ ብዬ ነው።

ኮሚቴው እዚህ ድረስ መጣ። ባለ መነጽሩም ዝምተኛውም ነበሩ። በፊታቸው ስድስት ቀላል፣ ስድስት ከባድ ተኮስኩ። ቁልፌ ጥይቶቹን እያወጣ በሚዛን ላይ አስቀምጦ አሳያቸው፤ ማንም ሳይጠይቀው። የዒላማውን ወረቀት ቀዳዳዎቹ እየታዩ ጠረጴዛ ላይ ዘረጉት። ዝምተኛው ስንዝሩን በእጁ ለካና የተጻፈውን ቃልሽን ከመዝገቡ አውጥቶ ጮክ ብሎ አነበበው፤ «ወንድሜ የነካው መሣሪያ አይስትም»። ቆሜ ነበር የሰማሁት። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ፤ መሬት ግን እንዲህ ባለው ቀን አትከፈትም።

ባለ መነጽሩ «ለምን አሁን ተናገርክ?» አለኝ። አፍሬ ነው አልኩት። «ካፈርክ ለምን ሦስት ወር ዝም አልክ?» አለኝ። እሱም አፍሬ ነው አልኩት። አልሳቁም። አንቺ ላይ ስቀው እኔ ላይ አለመሳቃቸው ገረመኝ።

ከሥራ ታግጃለሁ። ጡረታው ይቀራል ወይ አይቀርም የሚለውን በላይ ያሉት ይወስናሉ፤ ይህን እንድታዝኚልኝ አይደለም የምጽፈው፣ ስለጠየቅሽኝም አይደለም፣ አልጠየቅሽኝም። መሣሪያዎቼን አስረከብኩ። ሞረዱን የተረከበኝ ያስተማርኩት ልጅ ነው፤ ዛሬ የሁለት ልጆች አባት ሆኗል። «ጋሼ፣ ይሄን ያስተማሩን እርስዎ አይደሉም እንዴ?» አለኝ። ክፉ አስቦ አይደለም። ግራ ገብቶት ነው።

ለእማዬም ነገርኳት። ተቀምጣ እስከ መጨረሻ ሰማችኝ። ስጨርስ «ታዲያ እግሯ ደህና ነው ማለት ነው?» አለችኝ። ደህና ነው አልኳት። «ያን ሁሉ ጸሎት» አለችና ተነሥታ ገባች። ከዚያ ወዲህ ምግቤን አቅርባልኝ ትወጣለች እንጂ አታናግረኝም። ይኸው አራተኛ ቀኗ።

ያንቺ ወረቀት ይሻራል ብለውኛል። ደብዳቤ ይደርስሻል። ከደረሰሽ በኋላ ለኔ መልስ መጻፍ የለብሽም። ይቅር በዪኝ ብዬም አልጽፍም፤ ያን ብጽፍ ደግሞ አንድ ሥራ ልጨምርብሽ ነው።

ሰውየውን ግን አስበዋለሁ። ለኮሚቴው ተናገርኩ፣ ለእማዬ ተናገርኩ፣ ለቁልፌ ተናገርኩ። የሱን ዳሌ የሰበርኩት እኔ ሆኜ ስሙን እንኳ አላውቀውም።

ወንድምሽ


የካቲት 4

ወንድም ጋሼ፣

የኮሚቴው ደብዳቤ ደርሶኛል። «በመሣሪያ አጠጋገን ጉድለት እንጂ በጥበቃዋ ስሕተት አለመሆኑ ስለተረጋገጠ» ይላል። ወደ ሥራሽ ተመለሺ ብለውኛል። አስቤበት እመልሳለሁ አልኳቸው። ባለ መነጽሩ ስልክ ደውሎ «እንኳን ደስ አለሽ» አለኝ። እግዚአብሔር ይስጥልኝ አልኩት፤ ከሱ በፊት ለሽማግሌው በረኛ ነበር ልለው የሚገባኝ። እሱንም ሄጄ አልኩት፣ አለቀሰ።

አንተን ይቅር አላልኩህም። ይህን በግልጽ ልንገርህ፤ ሽንገላ ከሁለታችንም ይብቃ። ሌሊት ተነሥቼ የምሰድብህ ጊዜ አለ። ቀን ቀን ደግሞ እንደምን አለህ ልልህ እስክሪብቶ አነሳለሁ። ገና አልጨረስኩም ካንተ ጋር።

የጻፍኩልህ በሌላ ምክንያት ነው።

ሰውየው ከሆስፒታል ወጥቷል። ከፋብሪካው ጀርባ፣ ከመኪና ጎማ ጠጋኙ ቀጥሎ ባለ አንድ ክፍል ነው የሚኖረው፤ ብቻውን። የኮሚቴውን ደብዳቤ ይዤ ሄድኩ። እንደ በፊቱ ፊቱን ሊያዞርብኝ ነበር፤ «አንብበው ብቻ፣ ከዚያ እሄዳለሁ» አልኩት። ሁለቴ አነበበው። ሁለተኛውን ጊዜ በጣቱ እየተከተለ ነው። ከዚያ «እግሬን ነበር እንዴ ያለምሽው?» አለኝ። አዎ፣ የታፋህን መሀል አልኩት፤ ሽጉጧን የጠገነው ወንድሜ በሥራው ጥይት ሳይፈትናት ተፈትኗል ብሎ መፈረሙንም ነገርኩት።

ደብዳቤውን አጠፈና መለሰልኝ። ይቆጣል ብዬ ነበር። «አምስት ወር ሙሉ፣ ይቺ በየቀኑ በር ላይ ታየኝ የነበረች ሴት፣ ዐይኔን አይታ ልትገድለኝ ወሰነች እያልኩ ነው የኖርኩት» አለኝ። «ሌባ መሆኔን አውቃለሁ። ብረቱንም አንስቻለሁ። ግን ሰው አይቶኝ ይሙት የሚለኝ ዓይነት ሰው ነኝ ወይ እያልኩ ነበር።» ከዚያ ትራሱን ፊቱ ላይ አደረገ። እኔ እጄን ምን እንደማደርገው ጠፋኝ፤ ጠረጴዛው ላይ የነበረውን ብርጭቆ አነሳሁና አጠብኩት።

ወንድም ጋሼ፣ እኔ ስሜንና እንጀራዬን ነው ያጣሁት ብዬ ነበር። አንተም የፈራኸው ለስምህ ነው። ያ ሰው ግን ያንተን ዝምታ ደረቱ ላይ ተሸክሞ ነው የተኛው፤ ማንኛችንም ትዝ አላለንም።

ልወጣ ስል «ወንድምሽ ለምን ነው ያልተፈተነውን ተፈትኗል ያለው?» ብሎ ጠየቀኝ። በወንበር የተነሳ ነው ልለው ፈለግሁ፣ አፌ እንቢ አለኝ። እኔ ልነግርልህ አልችልም፣ እሱ ራሱ ይንገርህ አልኩት። «ይምጣ» አለ። ሌላ ቃል አልጨመረም፤ ተቆጥቶም አይመስለኝም፣ ሳይቆጣም አይመስለኝም።

አውቶቡሱ ማክሰኞና ዓርብ ነው የሚመጣው። ከመናኸሪያው አሥር ደቂቃ በእግር ነው፤ ጎማ ጠጋኙን ብትጠይቀው ያሳይሃል። ስትደርስ በሩን አታንኳኳ፤ ሊከፍትልህ ይነሣና ይቸገራል። ዝም ብለህ ግባ።

እህትህ